ሁለተኛው ዳቦ

ከማርጊላን፣ ሞስኮ ለሚገኘው ወንድሜ ለኢክሮም። ብርዱም ሰዉም ይራራልህ። እኔና ልጅህ ሙናቫር ደህና ነን፤ ወይኑም ዘንድሮ ጥሩ ይዟል።

የቤተ መጻሕፍቷ እትዬ ሳኖባር ትምህርት ቤት የሚሾፍባቸውን ልጆች ሰብስባ በየተራ ጮክ ብለው እንዲያነቡ ታደርጋለች። ሙናቫርም ምላሷ እየተያዘም ቢሆን አንድ ሙሉ ምዕራፍ አንብባ እየዘለለች መጣች! ባለፈው ሳምንት ግን የክፍሏ ልጆች በመስኮት አጮልቀው እያዩ፣ «የተበላሸች ሬዲዮ! ባትሪ ያለው የለም?» ብለው ሳቁባት። ስዶች! ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ አልገለጠችም፤ ያው ሙቀቱ ነው።

ስትሄድ እንደ መንገደኛ ልማዳችን የገመጥከው ዳቦ፣ ተመልሰህ እስክትጨርሰው ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነው። ትናንት አጠገቡ ሌላ የተገመጠ ዳቦ ተሰቅሎ አገኘሁ።

«አንቺ ደግሞ የት ልትሄጂ ነው?» አልኳት ሙናቫርን።

«የትም፣ አክስቴ። እንዲሁ ነው» አለችኝ፤ ሳትንተባተብ።

አልጋዬን ወደ እሷ ክፍል አዛውሬዋለሁ፤ የእኔ ክፍል ይሞቃል። ስትደውል እኔን ተወኝ፤ እሷን አስጠርተህ «አንብቢልኝ» በላት። ብትዘገይም ስልኩን እንዳትዘጋው።

ዳቦህን በጤና መጥተህ ለመጨረስ ያብቃህ።

እህትህ ሳዮራ