ደብተሬን ስላሰሩት ሊቀመንበርና ስለ እውነተኛው የሚና ጨዋታ

ለተከበሩ ጓድ ገመዳ
የቀበሌያችን የወጣቶች ክበብ ሊቀመንበር
ጭሮ

አስቀድሜ አሰላሙ አለይኩም እያልኩ፣ የእርስዎን፣ የባለቤትዎንና የልጆችዎን ጤንነት፣ ከዚያም በእርስዎ ጥበቃ ሥር የሚገኘውን የክበባችንን ቴሌቪዥን ጤንነት በአክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ደብተሬ ግን በእርስዎ ቁም ሳጥን ውስጥ ከታሰረ ዛሬ ሃያ ሦስተኛ ቀኑ ነው።

ደብዳቤውን በቢሮዎ በር ሥር ማስገባት ሲገባኝ በግድግዳ ጋዜጣው ላይ መለጠፌ ድፍረት እንዳይመስልብኝ። እርስዎ ፊት ስቆም ድምፄ ጉሮሮዬ ላይ እንደሚቀር ያውቃሉ፤ ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ስሜን የምትናገርልኝ ጓደኛዬ ሶፊያ ናት። ትምህርቴን ከሰባተኛ ክፍል ካቋረጥኩ ወዲህ ደግሞ ያነበብኩት ጽሑፍ የእርስዎ ማስታወቂያዎች ብቻ ስለሆነ፣ በተማርኩበት ግድግዳ ላይ ፈተናዬን ብጽፍ ተገቢ መሰለኝ።

ጉዳዬ ከሁለት ሳምንት በፊት የለጠፉት ማስታወቂያ ነው። «ከዛሬ ጀምሮ በክበባችን የሚፈቀደው የሚና ጨዋታ በቴሌቪዥኑ ላይ ያለው ብቻ ነው። ተጫዋቹ ራሱ የታንክ አዛዥ ይሆናል። ደብተር ይዞ መሰብሰብና ያልሆኑትን ሰው ሆኖ ማውራት ክልክል ነው» ይላል። ያልሆኑትን ሰው ሆኖ ማውራት ከተከለከለ ለሚና ጨዋታ ምን እንደሚቀረው አልገባኝም፤ የእኔ አለመማር ይሆናልና ትንሽ እንዳስረዳ ይፍቀዱልኝ።

፩ኛ. ስለ ጨዋታ ማሽኑ ከልብ አመሰግናለሁ። ነጋዴው ሐጂ ዘይኑዲን ከጅቡቲ በባቡር አስመጥተው ለክበቡ ሲሰጡ፣ እርስዎም በገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር ሲያያይዙት ከተማው ሁሉ በመስኮት አይቷል። እኔም ሐሙስ ዕለት ወረፋ ጠብቄ የታንክ አዛዥ ሆኛለሁ። ወደ ቀኝ ሄድኩ፣ ወደ ግራ ሄድኩ፣ ተኮስኩ። አራት ጊዜ ሞቼ አራት ጊዜ ምንም እንዳልተፈጠረ ተነሳሁ። ከእኔ በፊት የተጫወተውም አዛዥ ነበር፣ ከእኔ በኋላ የተጫወተችው ሶፊያም አዛዥ ነበረች፤ ሦስታችንም አንድ ሰው ነበርን፣ ሰውየው ማን እንደሆነ ግን ማናችንም አናውቅም። እናት የለውም፣ የሚፈራው ነገር የለውም፣ ትናንት ያጠፋውን ዛሬ የሚጠይቀው የለም። መተኮስ የማይፈልግ አዛዥ ምን እንደሚሆን ለማየት አንድ ጊዜ ዝም ብዬ ቆምኩ። ማሽኑ ገደለኝ። ይህ ለጣት በጣም ጥሩ ስፖርት ነው፤ ጣቴም ያመሰግንዎታል።

፪ኛ. የእኛን ጨዋታ በተመለከተ፣ ከክልከላው በፊት ምን እንደሆነ ለመጠየቅ ጊዜ ስላላገኙ አሁን ልንገርዎ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከአስር ሰላት በኋላ፣ እኔ፣ ሶፊያና ባየች የምትባለው ጓደኛችን በክበቡ ኋለኛ ክፍል እንቀመጥ ነበር። በጨዋታው ሶፊያ ኤንትሬ የጭነት መኪና ትነዳለች። ፈሪ ሹፌር መሆንን የመረጠችው ራሷ ናት፤ ድልድይ ላይ በደረሰች ቁጥር መኪናዋን አቁማ፣ ወርዳ፣ ድልድዩን በእግሯ ረግጣ ትሞክራለች። ባየች ደግሞ የሽንኩርት ነጋዴ ናት፤ ሳያስፈልጋት እንኳ ትዋሻለች። የሚሳካውንና የማይሳካውን አንድ ጎናቸው በከሰል የጠቆረ አምስት የበቆሎ ፍሬ ጥለን እንለያለን። ነጋሪዋ እኔ ነኝ። መንገዱ እኔ ነኝ፣ ዝናቡ እኔ ነኝ፣ ፈታሹም፣ መንገድ የሚያቋርጠው ፍየልም እኔ ነኝ። ባለፈው ዓመት ሶፊያ አንድ ፍየል ገጭታ ሳትቆም ሄደች፤ እስከ ዛሬ ድረስ በዚያ መንደር ለመኪናችን ውሃ አይሰጡንም። ማሽንዎ ይህን ያህል ቂም መያዝ ቢችል ኖሮ እኔም የሚና ጨዋታ ነው እል ነበር።

ቤቴ ውስጥ ሦስት ቃል ከተናገርኩ «ዛሬ ኩብራን ምን ነካት?» ይባላል። ቅዳሜ ግን ሽማግሌ ሆኜ ስመርቅ፣ ፖሊስ ሆኜ ስቆጣ፣ ባየችም «ቀስ በይ እንጂ አንቺ፣ ጎረቤት ይሰማል!» እስክትለኝ እጮህ ነበር። በሳምንት ውስጥ ድምፄን የምሰማው ያን ጊዜ ብቻ ነበር። እርስዎ ደብተር ብቻ የወሰዱ ስለሚመስልዎ ይህን መጻፍ ግድ ሆነብኝ።

፫ኛ. ስለ ኬላው ጉዳይ ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነኝ። ሚኤሶ አክስቴ ጋ ስሄድ ደብተሩን ከልብሴ ጋር መቋጠር አልነበረብኝም። ፈታሹ ገልጦ ሲያነብ «ሹፌር፦ ሶፊያ። ከሽንኩርቱ ሥር ሰባት ጆንያ የበደሳ ቡና አለ። ቦርደዴ ላይ ፈታሹን የምታባብለው ባየች ናት» የሚል አገኘ። ቡና ያለ ፈቃድ ማጓጓዝ በተከለከለበት አገር ሰውየው ምን ያድርግ? እኔን ከአውቶቡስ አወረደኝ፣ ወደ ቦርደዴም ስልክ አስደወለ፣ ደብተሩንም ለእርስዎ ላከ። በዚያ ቀን ሽንኩርት የጫኑ ሁለት መኪኖች እስከ ወለላቸው ተራግፈው እንደተፈተሹ ሰምቻለሁ። ቡና አልተገኘም፤ ቡናው ያለው ገጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ ነበር። የሁለቱን ሹፌሮች ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ሽንኩርቱንም መልሰው የጫኑላቸው ፈታሾች ካሉ አመሰግናለሁ፣ ካሉ።

፬ኛ. ከሁሉ በላይ የማመሰግንዎ ሦስታችንንም አስጠርተው ስለመረመሩን ነው። አግዳሚው ላይ ተደርድረን ተቀመጥን፤ እርስዎም ጠረጴዛውን መትተው «ጆንያዎቹ የት ናቸው?» አሉ። ባየችም እውነቱን ተናገረች፦ «ጓድ፣ እኔም አላውቅም፤ ኩብራ ገና አልነገረችንም።» ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞሩ። ስለ ራሴ ቢጠይቁኝ ኖሮ እስከ ዛሬም አልመልስም ነበር፤ የጠየቁኝ ግን ስለ መኪናው ስለሆነ አፌ ተፈታ። መኪናው ቦርደዴ ኬላ ላይ ቆሟል፣ ሰማዩ ጠቁሯል፣ ፈታሹ ዘንግ ይዞ እየመጣ ነው አልኩ። «እኔ ብሆን ሽንኩርቱን በዘንጉ እስከ ታች እወጋዋለሁ» አሉ። ባየች ወዲያው «ውይ ጌታዬ፣ ሽንኩርቴን ወጉት! ይበሰብስብኛል እኮ!» ብላ ማልቀስ ጀመረች። እርስዎም «አንቺ ሴትዮ ዝም በይ፤ ነጋዴ ሁሉ ኬላ ላይ ያለቅሳል» አሏት። ባየች አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው ጓድ፤ ሴትዮዋ የሽንኩርት ነጋዴዋ ናት። ቃላችንን የሚመዘግበው ጸሐፊ ብዕሩን አስቀምጦ አገጩን ተደግፏል። ትረካውን እዚያ ላይ ሳቋርጥ እርስዎ ወደፊት አዘንብለው፣ ከስብሰባ አማርኛዎ ወጥተው በኦሮምኛ፣ «ኤርጋሲ ማል ታኤ?» አሉኝ፤ ከዚያስ ምን ሆነ ማለትዎ ነበር። ከሊቀመንበር እንደዚያ ያለ ደግ ጥያቄ ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ የሆነው፣ አንድ ሰው በሩን አንኳኳ፤ እርስዎም የት እንዳሉ ትዝ አለዎት። ደብተሩን ዘግተው ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት። በሳምንቱ ማስታወቂያው ወጣ።

፭ኛ. ይህ የመጨረሻው ነው፤ ልጻፈው አልጻፈው ብዬ ሦስት ቀን አስቤበታለሁ። ባለፈው ሰኞ የክበብ መታወቂያዬን ለማሳደስ ስመጣ እርስዎ ማኅተም ፍለጋ ወደ ውስጥ ገብተው ነበር፤ ደብተሬ ጠረጴዛዎ ላይ ተከፍቶ አየሁት። እኔ ያልጻፍኩበት ገጽ ላይ፣ በሚፈርሙበት አረንጓዴ ቀለም፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፍዎ «ፈታሹ ቡናውን አየው። ቢሆንም መኪናውን አሳለፈው። ነጋዴዋ ስላለቀሰች አይደለም፤ ዝናብ ስለመጣ ነው» ተብሎ ተጽፏል። ጓድ ሊቀመንበር፣ ያን ፈታሽ እኔ አልፈጠርኩትም። ደንቡን ያውቃል፣ ማድረግ ያለበትንም ያውቃል፣ ሌላ ነገር መረጠ፣ ምክንያቱን ደግሞ ይደብቃል። በሦስት ዓመት ጨዋታ ውስጥ እንደዚያ ያለ ሰው አልገባልንም።

ከሥሩ አንድ ጥያቄ ጽፈዋል፦ «ሹፌሯስ ምን አለችው?» ከዚያ በታች አራት መስመር ባዶ ነው። አንድ ነገር እንደጀመሩና እንደሰረዙ፣ እንደገና እንደጀመሩና እንደገና እንደሰረዙ ይታያል።

እንግዲህ እውነተኛ የሚና ጨዋታ ምን እንደሆነ ከእኔ በተሻለ እርስዎ ያውቁታል ማለት ነው። ማንን መሆን እንደሚሹ መረጡ፣ ያ ሰው ምን እንደሚያደርግ ወሰኑ፤ ከዚያ የሌላውን ሰው መልስ ጠበቁ፣ የሚመልስልዎ ግን ቁም ሳጥን ውስጥ አልነበረም። ቴሌቪዥኑ ሹፌሯ ምን እንዳለች አይነግርዎትም፤ እኔም አላውቅም። ሶፊያን ጠየቅኳት፤ «ለራሱ እነግረዋለሁ፣ አንቺን ምን አገባሽ?» አለችኝ።

ስለዚህ በትህትና የምጠይቀው ማስታወቂያውን እንዲያነሱልን፣ ቅዳሜ ከአስር ሰላት በኋላም ደብተሩን ራስዎ ይዘው ወደ ኋለኛው ክፍል እንዲመጡ ነው። ወንበር አለ። ማንኳኳት አያስፈልግም። እርስዎ ሲገቡ መጀመሪያ የምናገረው እኔ ነኝ፤ ይህን እዚህ በሰው ሁሉ ፊት የጻፍኩት ወደኋላ እንዳልል ነው።

አንገቴን ደፍቼ፣ ዓይኔን ግን ከቁም ሳጥንዎ ሳላነሳ፣
የክበቡ አባል
ኩብራ ሐሰን
ጭሮ፣ ሚያዝያ ፲፱፻፹ ዓ.ም.

ከፊርማዬ በኋላ ያስታወስኩት፦ በዚያው ገጽ ጥግ ላይ ፈታሹ «ለአርአያነቱ ኒሻን ተሸለመ» የሚል ትንሽ ጽሑፍ አለ። በስብሰባ እንዴት እንደሚደረግ አላውቅም፤ በእኛ ጨዋታ ግን ሰው ራሱን አይሸልምም፣ የሚሸልሙት አብረውት የሚጫወቱት ናቸው። ሦስታችንም በጉዳዩ ላይ ድምፅ ሰጥተናል። ውጤቱን ለክብርዎ ስል ግድግዳ ላይ አልጻፍኩትም።