አየር የጠገበው ውሻ

ለማከብርዎ አባባ፣

ይህ ወረቀት እጅዎ እስኪገባ እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎ እንዴት ነው? ግራ ጉልበትዎስ ዛሬም ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል? እማማስ፣ ቤቱስ፣ ጎረቤቱስ ሁሉ ሰላም ነው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ።

መሪ ላይ እንቅልፍ ወስዶዎት አውቶቡሱን ከግንብ ጋር እንዳላተሙት ወንድሜ ነግሮኛል። አይቆጡት፣ ጨንቆት ነው። ተሳፋሪ አለመኖሩ እግዜር ሲያተርፍ ነው። ሐኪም ቤት ይሂዱ ሲባሉ ግን ማንኮራፋት የጤነኛ ሰው እንቅልፍ ነው ብለው እምቢ አሉ አሉ። እኔም እስካለፈው ማክሰኞ ድረስ እንደዚያው ነበር የማስበው።

ወደምሠራበት የእንስሳት ክሊኒክ ቡልዶግ የሚባል ዘር ውሻ ይመጣል። አረማመዱ የትልቅ ሰው ስለሆነ «ጌታው» እንለዋለን። ፊቱ በቡጢ የተመታ ይመስል ወደ ውስጥ ገብቷል። አባባ፣ የዚህ ዘር ነገር ጉድ ነው። በፊቱ እጥፋት ውስጥ እርጥበት እየተጠራቀመ ቆዳው ይቆስላል፤ በጥጥ የምጠርግለት እኔ ነኝ። ዳሌው ያመዋል፣ ዓይኑ ያለቅሳል፣ ትንሽ ሙቀት ከበረታበት ራሱን ይስታል። ሴቶቹማ የቡችሎቹ ጭንቅላት ስለሚተልቅ አብዛኞቹ የሚወልዱት በኦፕራሲዮን ነው።

ጌታው ወረፋ ሲጠብቅ በተቀመጠበት እንቅልፍ ይጥለውና ግድግዳውን በማንኮራፋት ያናውጠዋል። አንድ ቀን «ሲተኛ ቁርጥ አባቴን!» ብዬ አሳዳሪውን፣ ጡረታ የወጡ ዳቦ ጋጋሪ ሴትዮ ናቸው፣ አሳቅኳቸው። ሐኪሙ ግን አልሳቀም።

«ይሄ እንቅልፍ አይደለም፤ ትግል ነው» አለኝ።

አፍንጫው ጠባብ፣ ከላንቃው ጀርባ ያለው ሥጋ ደግሞ ረጅም ስለሆነ ጉሮሮውን ይዘጋበታል። ሲተኛ እየታፈነ ይባንናል፤ ቀን የሚያንቀላፋው ለዚህ ነው።

ማክሰኞ ዕለት ቀዶ ጥገና ተደረገለት። በማደንዘዣ አስተኙት፣ በጉሮሮው የመተንፈሻ ቱቦ አስገቡ፣ አፍንጫውን አሰፉ፣ ትርፉን ሥጋ ቆረጡ። እኔ ራሱን ደግፌ ቆሜያለሁ። ሌላ ውሻ ሲነቃ ቱቦው ያንቀውና ሊተፋው ይታገላል። ጌታው ነቃ፣ ዓይኑን ገለጠ፣ ዝም አለ። ደረቱ ቀስ ብሎ ሞላ፣ ቀስ ብሎ ጎደለ። ላውጣለት ወይ ብዬ ሐኪሙን ጠየቅሁት።

«ትንሽ ተዪው። አየር ሲጠግብ ገና የመጀመሪያው ነው።»

ስድስት ዓመት ሙሉ ታፍኖ እየተጫወተ፣ ታፍኖ ሰው እየተቀበለ ኖሯል፤ እኛ ደግሞ እንስቃለን። ትንፋሽ ድምፅ የሌለው ነገር መሆኑን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

አባባ፣ ከውሻ ጋር አስተካከለችኝ ብለው እንዳይቀየሙኝ፤ እግርዎ ላይ ወድቄ ነው የምጽፍልዎ። ግን እርስዎ አየር ጠግበው ያውቃሉ? ስለ እርስዎ ብጠይቀው ሐኪሙ «እኔ የከብትና የውሻ ነኝ፤ አባትሽን የሰው ሐኪም ይያቸው። እስከዚያ መሪ አይጨብጡ» ብሎኛል። እኔን እንዳሻዎ ይቆጡኝ፤ ብቻ ይሂዱ።

ለወንድሜ፣ ለታናሽ እህቴ ከነልጇ፣ ለጎረቤታችን ለሰዓት ሠሪው ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። እማማን ጉንጯን ይሳሙልኝ። እስከ ዛሬ በክርኗ ጎሸም የምታደርግዎ ማንኮራፋትዎ አስመርሯት አይምሰልዎ። ትንፋሽዎ ቆሞ ዝም ሲሉባት ነው።

ልጅዎ
ከክሊኒኩ ጓሮ ካለችው ክፍሌ
ግንቦት 19 ቀን