ሰናይት የላከችብኝ ሽማግሌዎች

እሑድ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018

ደንበኛዬ ሰናይት ውላችን ይሻሻልልኝ ብላ ሽማግሌ ላከችብኝ። ሽማግሌ! የማሠለጥናት እኮ ሐሳቧን ለአለቃዋ በራሷ አፍ እንድትናገር ነው።

ሁለት ጋቢ የለበሱ አባቶች ከቅዳሴ መልስ ሸጎሌ ድረስ መጥተው ሳሎኔ ተቀመጡ። «ልጄ፣ በየሳምንቱ አለቃሽን አንድ ነገር ጠይቂ የሚለው ግዴታ ከብዷታል፤ ይቅርላት» አሉኝ ትልቁ።

«እሷ ራሷ ለምን አልነገረችኝም?» ብላቸው፣ «አንቺን ፈርታ ነዋ!» አሉ።

ልፈነዳ ደረስኩ። አይሆንም ልል ስል ሽማግሌው ጉልበታቸውን ይዘው መነሳት ጀመሩ፤ እግሬ ላይ ሊወድቁ ነው። ደንግጬ ትከሻቸውን ያዝኩና «እሺ አባባ፣ በቃ ይቅርላት» አልኩ። መርቀውኝ ሄዱ።

ነገ ጠዋት ለአዲስ ሠልጣኞች የማስተምረው «እምቢ ማለት እንዴት ይቻላል» የሚለውን ነው። እኔን ማን ያስተምረኝ!