አባ ቁልፍና የኮሪደሩ ሰልፍ

እኔ የማተሚያ ቤቱ ባለቤት፣ ዛሬ ሐሙስ፣ ወሩ በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ከማተሚያ ቤቱ በላይ ፎቅ ላይ ባለው መኖሪያዬ ሆኜ ይህን እናዘዛለሁ። ጉልበቴ ከድቶኛል፤ አእምሮዬ ግን አሁንም የራሴ ነው። የሚጽፍልኝ ሠራተኛዬ ጠራዡ ነው፤ ጎረቤቴ ፋርማሲስቷና ጡረተኛው መምህርም ይስሙ። የበኩር ልጄ ከጎኔ ተቀምጧል። ታናሽ እኅቱ የለችም፤ ሦስት ጊዜ ብልክባት መልስ አልሰጠችኝም።

መኖሪያ ቤቱ ለሁለቱም እኩል ይሁን። በዚህ ላይ ክርክር አልሰማም።

የማተሚያው ማሽን ነገር ግን ማብራሪያ ይፈልጋል። አርባ ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ሠራተኞቼን ወደ ኮሪደሩ አስወጥቼ፣ በሩን ከውስጥ ቆልፌ፣ የማሽኑን ስድስት ብሎኖች ብቻዬን ሳስተካክል ኖሬአለሁ። ልካቸውን የጻፍሁበት ደብተር ከኪሴ ወጥቶ አያውቅም። ከኋላዬ «አባ ቁልፍ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ስሙን ወድጄው ነበር። ባለፈው ወር ሆስፒታል የገባሁ ዕለት፣ አሥራ አንድ አዋቂ ሰዎች እንደ ልማዳቸው ኮሪደሩ ላይ ተሰልፈው እስከ ቀትር ቆሙ። በማግስቱም እንዲሁ። ተማሪዎች የሚጠብቁት መጽሐፍ ዘገየ። ወሬው ሲደርሰኝ መጀመሪያ ኮራሁ፤ «ያለ እኔማ አይሆንም» አልሁ። ቀጥሎ አፈርሁ። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ማወቅ እሻለሁ፦ እንዲህ ያለውን መቆም ያስተማርኋቸው በምን ዘዴ ነው? ለማንኛውም ደብተሩ ግድግዳ ላይ ይሰቀል፤ በሩም ይነቀል።

የበኩር ልጄ፣ የማኔጅመንት ዲግሪህን አልንቅም። ነገር ግን ያን ሠላሳ ገጽ ዕቅድህን ስታዘጋጅ ቀለም የምትቀይጠዋን ሴትዮ አንዲት ቃል አልጠየቅሃትም። ሥራ አስኪያጅ ሁን፤ ፈቅጃለሁ። በሳምንት አንድ ቀን ግን ከአንዱ ሠራተኛ ሥር ተማሪ ሆነህ ዋል። የተመኘኸው ወንበሬ ኮሪደሩ ላይ ይቀመጥና የደከመው ይረፍበት። የሚመጣው ማሽን ምን ይመስል ይሆን? ወረቀት ራሱ ይቀር ይሆን? ዕድሜ ቢጨመርልኝ ይህን ባየሁ እንዴት ደስ ባለኝ!

ዕዳ ብትሉ፣ የአንድ ጥያቄ መልስ አለብኝ። ሴት ልጄ በአሥራ ስድስት ዓመቷ «አባዬ፣ አንተ ስትታመምስ ማሽኑን ማን ያስነሣዋል?» ብትለኝ፣ «ምላስሽን ሰብስቢ!» ብዬ በሰው ፊት ከማተሚያ ቤቱ አባረርኋት። እሷም ሄዳ የማሽን ሙያ ተማረች፤ ዛሬ ለሌሎች ታስተምራለች። ያን ቀን ልክ ነበረች። ናፍቃኛለች። ከመጣች፣ ጠዋት ጠዋት ያ ክፍል ትምህርት ቤት ይሁን፤ ምን እንደሚያስተምሩበት እሷ ትወስን።

እዚህ ላይ ቃሌን አቋረጥሁ፤ ከእግራችን ሥር ያለው ወለል ተንቀጥቅጧልና። ማሽኑ ተነሥቷል! ቁልፉ በእጄ ነው፣ ደብተሩም በኪሴ። ጠራዡ አቀረቀረ። የተባባልነውም እንዳለ ይጻፍ ብያለሁ፤

«ልጅዎ ናት፣ ጋሼ። በማለዳ መጣች። በሩን ከነማጠፊያው ፈትታ አነሣችው።»

«የብሎኖቹን ልክስ ከየት አመጣችው?»

«እኛ ነገርናት። ስንት ዓመት በቁልፉ ቀዳዳ ስናይዎት! ሁላችንም እናውቀዋለን።»

«ታዲያ ያን ጊዜ ኮሪደር ላይ ምን ገተራችሁ?»

«ግቡ ያለን የለማ!»

መምህሩ ሳቀ፤ ልጄም ሳቀ። እኔ ግን ጆሮዬን ሰጥቼ አዳመጥሁ። ድምፁ እኔ ከማውቀው ለስለስ ብሏል። ሦስተኛውን ብሎን ምን ብታደርገው ነው? ከዚህ በላይ የተናገርሁት ሁሉ ይጽና፤ የቀረውን ወርጄ ልጠይቃት።

እኛ ምስክሮች፣ ተናዛዡ ይህን በፈቃዳቸው መናገራቸውን፣ ቆመው መፈረማቸውን፣ በበኩር ልጃቸው ክንድ ተደግፈው ደረጃውን መውረዳቸውን በዓይናችን አይተናል። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ረስተውታል።

የተናዛዡ ፊርማ
የጸሐፊው የጠራዡ ፊርማ
የፋርማሲስቷ ፊርማ
የመምህሩ ፊርማ