ስለ አርባ አንደኛው ተጫዋች፣ ለስፖርት ክፍሉ ኃላፊ

ለክቡር ዶክተር ዌንደል ስትራውድ
የሃርላን ፎርክ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ክፍል ዋና ኃላፊ
ነብራስካ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ባለፈው መኸር የተተከለው ግዙፍ የውጤት ሰሌዳም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ።

ማርዲ ቪንተር እባላለሁ፤ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነኝ። ልጄ ኤሞሪ በቤዝቦል ቡድንዎ ውስጥ አራት ዓመት ሙሉ የሚወረወረውን ኳስ ቀላቢ ነው፤ የሚቀልበው ግን ጨዋታው ሳይጀመር ወርዋሪዎቹ ክንዳቸውን ሲያሟሙቁ ነው። አንዲት ጊዜ እንኳ ዱላ ይዞ ሊመታ አልቆመም። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው። እሱ አላማረረም፤ እኔም እስከ ማክሰኞ ድረስ ዝም ብዬ ነበር። ማክሰኞ የቅዳሜው የተመራቂዎች ቀን ዝርዝር ተለጠፈ። በዚያ ቀን ተመራቂ ተጫዋቾች ከወላጆቻቸው ጋር ወደ ሜዳ ሲገቡ ስማቸው በድምፅ ማጉያ ይጠራል፤ ለእናቶችም አበባ ይሰጣል። የኤሞሪ ስም የለበትም። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

1ኛ. ሜዳ የሚገቡት ዘጠኝ ሆነው ሳለ አርባ አንድ ልጆች ስላስመዘገቡ አመሰግናለሁ። የአርባ አንዱም ወላጆች እኩል እንከፍላለን፤ በዚህ ረገድ አድልዎ ታይቶ አያውቅም።

2ኛ. አንድ የመምታት፣ አንድ የመወርወር፣ አንድ የመሮጥ አሰልጣኝ፣ እንዲሁም ልጆቹ ሲሸነፉ እንዳይከፋቸው የሚመክር ባለሙያ ቀጥረዋል። ካለፈው ዓመት ውጤት አንጻር ሥራ የበዛበት መካሪው ነው። አስጠኚ ግን አልቀጠሩም፤ አስጠኚውማ ኤሞሪ ነው። ዋናው መቺያችሁ ስታቲስቲክስን ለሁለተኛ ጊዜ ሊወድቅ ሲል አሰልጣኝ ብሪግስ ልጄን ጠርተው፣ "ስማ ኤሞሪ፣ አንተ ይሄን ልጅ ብቻ አሳልፍልኝ፣ ሌላውን ለኔ ተወው" አሉት። ልጁ አለፈ። "ሌላውን" እስካሁን እየጠበቅን ነው።

3ኛ. ወላጆች ቋሊማ ሸጠን ለመጻሕፍት መግዣ የሰበሰብነው ገንዘብ ለውጤት ሰሌዳው መብራት መዋሉን ሰምተናል። የተጋጣሚዎቻችን ነጥብ አሁን ከሩቅ በግልጽ ይታያል።

4ኛ. የቡድኑ አማካይ የትምህርት ውጤት 2.51 ሆኖ፣ ለማጠቃለያው ውድድር ከሚያስፈልገው 2.5 በመብለጡ የተሰጣችሁን ምስክር ወረቀት ቢሮዎ ግድግዳ ላይ አይቻለሁ፤ ያምራል። የልጄ ውጤት 3.97 ነው።

ስለ ስሙ በስልክ ስጠይቅ ጸሐፊዎ በትህትና፣ "ወይዘሮ ቪንተር፣ የእርስዎ ልጅ እኮ ያለው ለትምህርት ውጤት በሚያዘው ዝርዝር ላይ ነው፤ ቅዳሜ የሚጠራው የተሰለፉት ስም ነው" አሉኝ። ክቡር ሆይ፣ ተናድጃለሁ። ከንዴቴም በላይ የከበደኝ፣ ልጄ "ተይው እማ፣ እኔ ቅዳሜ ወርዋሪዎቹን ማሟሟቅ አለብኝ" ማለቱ ነው። የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ ስሙ አንድ ጊዜ፣ ሰው እየሰማ ይጠራ።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜና አጭር የተጫዋቾች ዝርዝር የምትመኝ፣ የክፍያ ደረሰኞቿን በሙሉ በጥንቃቄ ያስቀመጠች፣

ማርዲ ቪንተር

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ለእርስዎና ለከተማችን ጋዜጣ ከመላኬ በፊት ለኤሞሪ አነበብሁለት። ሰምቶ ሲጨርስ ወጣ፤ ከሰዓት በኋላም በፈቃዱ ከቡድኑ መሰናበቱን የሚገልጽ፣ የመዝገብ ቤት ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዞ ተመለሰ። ሒሳቡንም ሠርቶታል፤ የቀሩት የአርባዎቹ አማካይ 2.47 ነው። እንግዲህ ስሙ ከዝርዝሩ መቅረቱ አሁን ትክክል ስለሆነ፣ ልመናዬን በአክብሮት አንስቻለሁ።