ስለ ጡረታዬ በሬ እንዳይሸጥ

አላህን አመስግኜ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. በሸዋ ሮቢት ከተማ በገዛ ቤቴ፣ ከዚህ በታች ስማቸው በተጠራው አራት ምስክሮች ፊት ቃሌን የሰጠሁት እኔ ሙሚና ያሕያ ነኝ። የደከመው ኩላሊቴ እንጂ አእምሮዬ አይደለም፤ የሚጠራጠር ቢኖር ዛሬ ጠዋት በሽንኩርት ዋጋ የተከራከርኋትን ጎረቤቴን ሐረገወይንን ይጠይቅ።

ቤቴን ለልጄ ለኢልሀም ሰጥቻለሁ፤ ወንድሟ ሙዓዊያም ወድዶ ፈቅዷል። ቀወት ያለው የማሾ ማሳና ሁለቱ በሬዎች የሙዓዊያ ናቸው።

ስለ ጡረታዬ። በመስኖ እርሻው ጎንበስ ብዬ ያገለገልሁበትን ዘመን ጡረታ ከፋዩ አብዝቶ ቆጥሮ፣ ለዓመታት ከሚገባኝ በላይ ሰጥቶኛል። እኔም ልክ መስሎኝ ከልጆቼ ጋር በላሁት። ኋላ መልሺ ተባልሁ። ኢልሀም ፍርድ ቤት ወስዳኝ ዳኛው፣ ስህተቱ የከፋዩ ነው፣ እርሷ አላታለለችም፣ የመጠየቂያው ጊዜም አልፏል፣ ስለዚህ ከእርሷም ከወራሾቿም አይጠየቅም ብለው ፈረዱልኝ። ሂሳቡን ያሳሳተውን ጸሐፊ አውፍ ብየዋለሁ፤ ልጆቼም አትቀየሙት።

ሙዓዊያን ግን ፍርዱ አላሳረፈውም። ጀናዛዬ ፊት ቆሞ «እናቴ ላይ ሐቅ ያለው ይናገር» ሲል አንድ ሰው ጡረታውን እንዳያነሳ ፈርቶ፣ በሬዎቹን ሸጦ ሊከፍል፣ ከማጀቴዋ ከኑርሃን ጋር የተቆረጠውን ኒካህም ሊያዘገይ አስቧል። ልጄ፣ ስለምትሳሳልኝ እወድሃለሁ። ነገር ግን ሸህ ሰዲቅን ጠይቄ፣ «እትዬ ሙሚና፣ ሳያውቁ ነው የበሉት፤ ዳኛም አንስቶልዎታል። በዚህ አይጨነቁ» ብለውኛል። ስለዚህ በሬ እንዳይሸጥ። ኒካሁም በእኔ ሕመምም ሆነ ሞት አይዘግይ።

ይህ ሲነበብ ሙዓዊያ «እማ፣ ትናንት ሸጥኋቸው እኮ» ብሎ አለቀሰ። ብሩ ገና በእጁ ስለሆነ ቃሌን እንዲህ አድሼዋለሁ፦ ለኑርሃን መህር፣ የኒካሁ ጥሎሽ፣ ይሁን፤ አሁኑኑ በስልኩ ይላክ። በሬ በኪራይም ይገኛል፤ ኑርሃንን የመሰለች ግን አትገኝም። ሳይላክ አልፈርምም ብያለሁ።

ምስክሮች፦ ሸህ ሰዲቅ ሙሳ (ፊርማ)፣ ወ/ሮ ሐረገወይን ዓለሙ (ፊርማ)፣ አቶ አብዱልሃዲ ሰይድ (ፊርማ)፣ ወ/ሮ መሪያም ሙሳ (ፊርማ)።

የተናዛዧ አውራ ጣት፦ የኑርሃን አባት ጋሼ ኢብሮ ከማጀቴ ደውለው «ደርሶናል፤ እሑድ ኑ» ካሉ በኋላ ታትሟል።