ለሊቀመንበራችን፣ ስለ ሰጡኝ አዲስ የነዳጅ ክዳን

ዊትኮም፣ እንግሊዝ

ለክቡር ሚስተር ሩፐርት ፔንፎልድ፣
የዊትኮም ጥንታዊ መኪኖች ማኅበር ሊቀመንበር፤

ክቡርነትዎ ከነቤተሰብዎ፣ ዝናብ ነክቷቸው ከማያውቅ ሰባት መኪኖችዎም ጋር፣ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ፤ አሮጌዋ አረንጓዴ መኪናችንም ከእሁድ ጀምሮ ደህና ሆናለች፤ ይህ እንደማያስደነግጥዎ ተስፋ አደርጋለሁ።

አስቀድሜ ላመስግንዎ። በግንቦቱ ትርኢት ነጭ ጓንትዎን አጥልቀው የመኪናችንን ሆድ ሳይቀር ከዳበሱ በኋላ፣ ስለ ዛገው የነዳጅ ክዳን ነጥብ ቀነሱብን፤ ወዲያውም አዝነውልኝ የሚያብለጨልጭ አዲስ ክዳን በገዛ እጅዎ ገጠሙልኝ። እንዲህ ያለ ደግነት ከየት ይገኛል! አቤቱታዬ የሚጀምረው ግን ከዚያው ቀን ነው።

፩ኛ. ከዚያ ወዲህ መኪናዋ አሥር ደቂቃ ያህል በደንብ ትሄድና ማስነጠስ ጀምራ ቀጥ ትላለች። እርስዎም ካንዴላ ነው፣ አይ ካርቡራተር ነው፣ የለም ኮይል ነው እያሉ ሁሉንም አስቀየሩኝ፤ ክዳኑን ግን አንድ ቀን እንኳ ከፍተው አለማየትዎ ይገርመኛል።

፪ኛ. በቆመች ቁጥር መጎተቻ ገመድ ይዘው ከተፍ የሚሉት እርስዎ ነዎት። ማን እየነገረዎት ነው? «ኤድና፣ የዚህ ሞተር ዕድሜው አልቋል፤ ምን አደከመሽ፣ መኪናዋ እኔ ጋ ትረፍ» ያሉኝ ዕለት፣ ጋራዥዎ ውስጥ የስምንተኛ መኪና ቦታ መጠረጉን ባለቤትዎ አጫውተውኝ ነበር።

፫ኛ. ይህኛው ቀልድ አይደለም። ባለቤቴ ኖርማን የአረጋውያን ማረፊያ ከገባ ወዲህ ልጆቹንም እኔንም ረስቷል። እሁድ እሁድ ብቻ፣ ከጎኔ ተቀምጦ የዚያን ሞተር ድምፅ ሲሰማ፣ «ኤድና» ብሎ ይጠራኛል። በሰኔ ሞተሩ መንገድ ላይ ሲጠፋ ዞር ብሎ «አንቺ ደግሞ ማነሽ?» አለኝ። አለቀስኩ፣ ክቡርነትዎ፤ ተናደድኩም።

ባለፈው እሁድ እንደ ልማዷ ስትቆም፣ ነዳጅ አልቆ እንደሆነ ልይ ብዬ ክዳኑን ስከፍት አየር ፉስስ ብሎ ወደ ውስጥ ገባ፤ ሞተሩም ወዲያው ተነሣ። ኖርማን ዕቃ መጣል አያውቅምና፣ አሮጌውን ክዳን ከመሣሪያ ሣጥኑ አወጣሁት። አናቱ ላይ አየር የምታስገባ የመርፌ ቀዳዳ አለችው። የእርስዎ ስጦታ ግን ድፍን ነው፤ ታንከሩ አየር ሲያጣ ደግሞ ነዳጅ አይወርድም። ይህን የሠላሳ ዓመት ሊቀመንበር አያውቅም ብል ስድብ ይሆንብኛል፤ ያውቃል ብል ደግሞ የባሰ ነው። የቱን እንደማምን ራስዎ ይምረጡልኝ።

ስጦታዎን ከዚህ ጋር በአክብሮት መልሻለሁ።

ከእንግዲህ የሞተሯን ኮፈን ለማንም የማትከፍት፣
ውለታዎን መቼም የማትረሳ የማኅበርዎ አባል፣
ኤድና ትዌይት

ድኅረ ጽሑፍ፦ በዚያው እሁድ በአሮጌው ክዳን ባሕሩ ድረስ ሄደን አንዴም ሳንቆም ተመለስን። በደጅዎ ስናልፍ ኖርማን አይቶዎት «ኤድና፣ ያ ሰውዬ ማነው?» አለኝ። «የመኪናችን ወዳጅ ነው» አልኩት። እሱም «የእኛስ?» አለኝ። ይህን እንኳ እሁድ በደጅዎ ስናልፍ እርስዎ ይንገሩት።